አንድ ኩንታል ጤፍ እስከ ስንት ቀን ይዘልቃል? ምን ይቀላቀላል፣ በስንት እጅ?

#1 የጓዳ_ሒሳብ
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን ወደ 10 እንጀራ ይጨርሳል። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ቅጥነት ከ5 እስከ 6 እንጀራ ያወጣል። እንግዲህ አንድ ኩንታል ቢበዛ ከ50 እስከ 60 ቀን ነው፤ ሲበጠርና ሲነፋ የሚጎድለው ሳይቆጠር። በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ደመወዙ ባለበት ቆሞ የጓዳው ወጪ ብቻውን ይሮጣል።

ጤፉን ጨርሶ መተው አይደለም ጥያቄው። እንጀራው እንጀራ ሆኖ እንዲቀጥል ከጤፉ ስንት እጁን በምን መተካት ይቻላል? መጠኑን፣ አቦካኩን፣ የሚበላሽበትንም ምክንያት የምታውቁ ጻፉ። ዋጋ ባትጽፉ ይሻላል፤ በሳምንቱ ስለሚቀየር ነገ የሚያነበውን ሰው ያሳስታል።

#2 አክንባሎ
ከመቀላቀል በፊት አንድ ደረጃ አለ፦ ማኛ የሚገዛ ቤት ወደ ሰርገኛ ይውረድ። በምግብነቱ የሚያጎድለው የለም፤ ለመልኩ ነው ያንን ሁሉ የምንከፍለው።

ከዚያ በኋላ እህሎቹን እንለይ፣ ሁሉም በአንድ ልክ አይገቡም።

ማሽላ ሲሆን ነጩን ፈልጉ። የቀዩና የቡናማው ቆዳ አፍ የሚይዝ ነገር ስላለው እንጀራው ይመርራል። ነጩ ከመቶ እስከ 40 እጅ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ልዩነቱን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። የሚታወቀው በማግስቱ ነው፦ ጠርዙ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

በቆሎ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ይረክሳል፤ ግን ከመቶ 20 ባያልፍ ጥሩ ነው። ዱቄቱ በደንብ ካልላመ ከሊጡ ሥር ይዘቅጣል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጡት እንጀራዎች ስስ ይሆናሉ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ቂጣ። በየሦስት አራት እንጀራው ሊጡን ከሥሩ ማማሰል ግድ ነው።

ሩዝ ዐይኑን ያሳምራል፣ ያነጣል፤ ከመቶ እስከ 25። ስብርባሪውን ግዙ፤ ለዱቄት ከሙሉው አያንስም። ከፎገራ የሚመጣው የአገር ውስጥ ሩዝም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ለጀማሪ የምመክረው 60 ጤፍ፣ 25 ነጭ ማሽላ፣ 15 ሩዝ ነው። በዚህ ቅይጥ 50 ቀን ይሄድ የነበረው ኩንታል ጤፍ ወደ 83 ቀን ይደርሳል።

አቦካኩ፣ ለ4 ኪሎ ቅይጥ ዱቄት፦ 5 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ 2 ብርጭቆ እርሾ። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ እስኪላቀቅ ድረስ ይታሻል፣ ከዚያ ይቀጥናል። ሁለት ቀን፣ በብርድ ወቅት ሦስት። ላዩ ላይ የቋጠረው ቢጫማ ውሃ ይደፋል፤ ከእሱ ለሚቀጥለው እርሾ ይቀመጣል። ከዚያ 4 ብርጭቆ ሊጥ በ2 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ አብሲት ይሆናል፤ እስኪወፍርና ቡልቅ ቡልቅ እስኪል። ጣት ሲችለው ብቻ ወደ ሊጡ ይመለሳል። በትኩሱ የገባ አብሲት እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ድፍን ይወጣል። ኩፍ ሲል ይጋገራል።

#3 ሩዝ_በሩዝ
25 ምን ያደርጋል? ግማሽ በግማሽ እየጋገሩ የሚሸጡ ሞልተዋል፤ ነጭ ነው፣ ዐይኑም ያምራል፣ ሰውም ይገዛል።

#4 አክንባሎ
@ሩዝ_በሩዝ ለሚሸጥ ሰው ልክ ነው፤ ከምጣድ እንደወጣ ይሸጠዋል፣ ድርቀቱን የሚያየው ገዢው ነው። የሩዝ ስታርች ሲበርድ መልሶ ይጠነክራል፤ ለዚህ ነው ትኩሱ ለስላሳ ሆኖ ማታ እንደ ካርቶን የሚሰበረው። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ከውጭ ካለው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ብዙ ቀን ማቆየት ያስፈለገው ሰው ወይ በረዶ ቤቱ ውስጥ አጥብቆ ጠቅልሎ ያስቀምጥ፣ ወይ ሩዙን ይቀንስ። ግማሽ በግማሽ የሚሠራው በየቀኑ ለሚጋገርበት ቤት ነው። በየቀኑ መጋገር ደግሞ ከእህሉ ያተረፉትን ለመብራት ማስረከብ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ ወደ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። ምጣዱ እስኪግል የሚሄደው መብራት ለአንድም እንጀራ ለሃያም አንድ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ግለት ጨርሱ።

#5 ባለወፍጮ
ስለ ወፍጮ ቤት የሚጻፍ ጠፍቶ ነው እንጂ ግማሹ ብልሽት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሩዝና ነጭ ማሽላ ከጤፍ ጋር ተቀይጠው መፈጨት ይችላሉ። በቆሎ ግን መጀመሪያ ለብቻው ይከካ፣ ከዚያ ከጤፉ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጭ። ጤፍ ድንጋዩ ተጠጋግቶ ነው የሚፈጨው፤ ሙሉ በቆሎ በዚያ ልክ ሲገባ ዱቄቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። እጃችሁን ከመውጫው ሥር አድርጉት፤ ሙቀቱን መያዝ ካቃታችሁ ድንጋዩን ያላላ በሉ።

ድንጋዩ የተወቀረ ዕለት አታስፈጩ። አሸዋው ዱቄቱ ውስጥ ይገባል፣ ወንፊትም አይዘውም፤ ጥርስ ላይ ነው የሚታወቀው። ቢያንስ የሌላ ሰው ሁለት ሦስት ጆንያ እስኪያልፍ ጠብቁ (ያ ሌላ ሰው ይህን ካላነበበ ማለት ነው)።

ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨም ጠይቁ። በርበሬ ከሆነ ልጆች ያሉበት ቤት አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያቃጥል ይከርማል።

#6 ማዶ_ቨርጂኒያ
ከዚህ ማዶ ጤፍ በትንንሽ ከረጢት ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ግማሹን በሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ይተካል። የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው። ዱቄቱ ከፋብሪካው ማስነሻና ጨው ተጨምሮበት ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሊጡ ጋር ከቦካ ኮምጣጣው ሊጥ ማስነሻውን ቀድሞ ይጨርሰዋል፣ ምጣድ ላይ የሚቀረው የለም። ጤፉ ለብቻው ሁለት ሦስት ቀን ይቦካ፤ ሰልፍ ራይዚንጉ በሚጋገርበት ቀን፣ ከመጋገሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ይግባ። ጨውም አይጨመር።

#7 የጓዳ_ሒሳብ
እግዜር ይስጥልኝ። እንጀራው ይህን ያህል ከተቀየጠ ወጡ ላይ ምን እንደሚሆን ነው ቀጣዩ ጭንቀት። ሽንኩርትና ዘይት ከጤፉ ባልተናነሰ ኪስ ይበላሉ።

#8 ድስት_ጣዱ
ሽሮ። ግን የታሸገውን አይደለም፣ ቤት የተመጠነውን።

ለ10 ኪሎ ጥሬ፦ 4 አተር፣ 3 ሽምብራ፣ 3 ባቄላ። አተሩ ጣዕም ነው፣ ሽምብራው ማወፈሪያ፣ ባቄላው ዋጋ መቀነሻ። ባቄላው ከዚህ ካለፈ ወጡ መልኩ ይጨልማል፣ ያ የባቄላ ሽታውም ቅመም አይሸፍነውም። ሦስቱ ለየብቻ ይታመሱ እንጂ አንድ ላይ አይደለም፤ መጠናቸው ስለማይመሳሰል ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ጥሬ ነው። ቆዳው ሲሰነጠቅና ውስጡ ሳይቀላ ይውጣ። ያረረ ሽሮ ይመርራል፣ ድስት ውስጥም አይወፍርም፤ ሰዉ ሽሮው ሌላ ነገር ተደባልቆበታል ብሎ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ነው። ተከክቶ ሲበጠር ከ8 እስከ 8 ኪሎ ተኩል ክክ ይቀራል።

ለዚያ ክክ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ዝንጅብል (ሁለቱም ተወቅጠው እንደ ጉድ መድረቅ አለባቸው)፣ 100 ግራም ኮረሪማ፣ 50 ግራም ጥቁር አዝሙድ፣ 50 ግራም ነጭ አዝሙድ፣ አንድ እፍኝ የደረቀ በሶብላ፣ ጨው። በርበሬውን ለልጆች ብላችሁ ለብቻው ብታስቀምጡት ይሻላል። ነጭ ሽንኩርቱ እርጥብ ሆኖ ከገባ ሽሮው በወሩ ይሻግታል።

ሲሠራ፦ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በጥቂት ውሃ ይብሰል፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይግባ። በመጀመሪያ የገባ ዘይት ሽንኩርቱ ውስጥ ይጠፋል፣ ያልበዛ ይመስልና ይደገማል። መጨረሻ የገባ 2 የሾርባ ማንኪያ ላዩ ላይ ይታያል፣ ይሸታል። አንድ ስኒ ሽሮ ከ4 እስከ 5 ስኒ ውሃ፤ በዝግታ 20 ደቂቃ። የሚቸኩል ሰው ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል።

#9 የጤና_ጣቢያ_ጎረቤት
@ድስት_ጣዱ ያልጻፍከው አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፦ ጓያ።

ኑሮ ሲጠብቅ ርካሽ ሽሮ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ጓያ ነው። ድርቅ ስለሚችል ሌላው ሲጠፋ እሱ ይገኛል። ውስጡ ያለው መርዝ ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነርቭ ይጎዳል፤ እግር ይሰባሰባል፣ ይደነድናል፣ ሰውየው በጣቱ ይሄዳል፣ ከዚያ በምርኩዝ። አይመለስም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከድርቅ በኋላ ደላንታ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ ከዚያ በፊትም ደምቢያ ላይ ታይቷል። ብዙውን ጊዜ የሚመታው ወጣት ወንዶችን ነው።

በዓመት አንድ ቀን ሰው ቤት ጓያ ወጥ የበላ አይሽመደመድም፣ ማስፈራራት አይደለም። አደገኛው በየቀኑ፣ ያለ ሌላ እህል፣ በተለይ እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን መብላት ነው። ሌላ ምርጫ በሌለበት ቤት፦ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋ፣ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም፤ ከዚያም ከሦስት እጅ ያላነሰ ጤፍ ወይም ሌላ እህል አብሮት ይበላ። መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

#10 ባለወፍጮ
ትክክል። እንዴት እንደሚለይ ልጨምር። ጓያ ሳይከካ በደንብ ይታወቃል፦ ክብ አይደለም፤ እንደ መጥረቢያ ምላጭ ማዕዘን አለው፣ መልኩ ግራጫና ቡናማ ጉራማይሌ ነው። አንዴ ከተከካ ግን ቢጫው ክክ ከሽምብራና ከአተር ክክ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ስለዚህ ርካሽ ክክ ወይም የተፈጨ ሽሮ ሳይሆን ጥሬውን ግዙና አስከኩ። ለመክኪያ የሚከፈለው ምንም አይደለም፣ ገለባውንም በግ ያለው ጎረቤት ይወስደዋል።

#11 ሩዝ_በሩዝ
ሸማቾች ሱቅ የሚመጣው ክክስ?

#12 ባለወፍጮ
@ሩዝ_በሩዝ የትም ይምጣ፣ ጥሬው ካለ ጥሬውን። ሰንበት ገበያም እህል በረንዳም ያው ነው፤ እፍኝ አንስታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ እዩ።

#13 ጾመኛ
ዘይት ስለ መቆጠብ ስታወሩ ጭራሽ ዘይት የማይጠይቁት ተረሱ፤ ሱፍና ተልባ።

ተልባ በደረቅ ምጣድ መንጣጣት እስኪጀምር ይታመሳል፣ ይፈጫል። አንድ ስኒ ዱቄት በ4 ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጨው፣ ቃሪያ፣ ትንሽ በርበሬ። አምስት ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይወፍራል። ማገዶ የሚሄደው ማመሻው ላይ ብቻ ነው። ዱቄቱን ግን ለወር አታስቀምጡ፤ ቅባቱ ይበላሽና ከርፋፋ ሽታ ያመጣል። የሳምንት የሳምንቱን ፍጩ።

ሱፍ ትንሽ ሥራ አለው፦ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ እየታሸ ይጠለላል። ወተት የመሰለው ውሃ ላይ ጨውና ቃሪያ፣ ከዚያ የደረቀ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ያ ከማሽላ የተጋገረው የሁለተኛ ቀን እንጀራ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ፍትፍት ውስጥ ድርቀት ጥቅም ይሆናል፤ ውሃውን ይጠጣል እንጂ አይላቁጥም።

#14 ድስት_ጣዱ
@ጾመኛ ልክ ነህ፣ አሸንፈኸኛል። ለቁርስ ደግሞ ንፍሮ፦ ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት። ቦሎቄ ያለበት ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት፤ በለብታ ብቻ የበሰለ ቦሎቄ ያስመልሳል። ግማሽ ሰዓት ከፈላ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ ከእሳት አውርዳችሁ በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። በራሱ ሙቀት ሁለት ሰዓት ይቀቀላል፣ ከሰሉ ይተርፋል። ድስቱ እስከ አፉ ካልሞላ ሙቀት አይዝም፤ ለአንድ ኩባያ ንፍሮ አትሞክሩት።

ሦስት ሰዓት ፈልቶ አልበስል ያለ ባቄላ ወይም ቦሎቄ ያረጀ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያለበት መጋዘን የከረመ ጥራጥሬ ይደነድናል፣ ከሰል ቢጨመርበትም አይሰማም። ለዚያኛው ያለው መላ ማስፈጨት ነው።

#15 የጤና_ጣቢያ_ጎረቤት
ልጆች ያሉበት ቤት ላይ አንድ ጥንቃቄ። ትልቅ ሰው እንጀራው ቢቀየጥ ሽሮው ቢቀጥን ይችላል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ግን ሆዱ ትንሽ ነው፤ ቀጭን አጥሚት ጠግቦ ምንም ሳያገኝ ሊያድር ይችላል።

ምጥኑ፦ 3 ኩባያ እህል (ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ያለውን) ለ1 ኩባያ ጥራጥሬ (አተር ወይም ሽምብራ)፤ ታምሶ አብሮ ይፈጫል። እህሉ የሚያጥረውን ጥራጥሬው ይሞላል፣ ጥራጥሬው የሚያጥረውን እህሉ።

ገንፎው ማንኪያ ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ሆኖ ይሠራ። «ልጁ ወፍራም አይውጥም» ብሎ ውሃ መጨመር ነው ስሕተቱ። ይልቅ ከእሳት አውርዱትና ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይንፈስበት፤ ገና ትኩስ ሳለ አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምሩና አማስሉ። ዐይናችሁ እያየ ይቀጥናል፤ ማንኪያ ይይዝ የነበረው በአምስት ደቂቃ እንደ እርጎ ይፈሳል። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚቆርጠው ነው። ከዚያ እንደገና አንዴ ይፍላ፤ ብቅል ሲበቅል እርጥብ ስለሚከርም ንጹሕ አይደለም። ለጠላ የተዘጋጀው ብቅልም ይሆናል፣ ሻጋታ የሌለበት ከሆነ። እየፈላ ሳለ ከጨመራችሁት ግን ምንም አይሠራም፣ የሚያቀጥነው ነገር በሙቀት ይሞታል።

#16 ባለወፍጮ
ብዙ አብሮ መግዛት ርካሽ ነው ብላችሁ ኩንታል ልታስገቡ ከሆነ ነቀዝን አስቡ። ጤፍ ደቃቃ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። በቆሎ፣ ማሽላና ሽምብራ ግን በሦስት ወር ይበሳሉ። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ፤ ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተሰለቀጠ ገና ነው። ከዚያ አየር በማያስገባ በርሜል ወይም ሦስት ድርብ ባለው የእህል ከረጢት እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ አየሩን ጨምቃችሁ እሰሩ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። በየሁለት ቀኑ እየፈታችሁ ካያችሁት ግን ከንቱ ነው፤ ለሳምንት የሚሆነውን አውጥታችሁ ሌላውን አትንኩ።

የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ፎስቶክሲንም በሉት ሌላ፣ እርጥበት ሲያገኝ የሚወጣው ጋዝ ነው ነቀዙን የሚገድለው፤ ሰውንም ይገድላል። ጆንያው ሌላ ክፍል ነው ማለት አያድንም፣ በበር ሥር ይገባል።

የሻገተ በቆሎ ወይም ማሽላ ደግሞ ታጥቦ አይድንም። ሻጋታው ሲጠፋ መርዙ ይቀራል፣ ቢጋገርም አይለቅም።

#17 የጓዳ_ሒሳብ
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለ@አክንባሎ። 40 እጅ ማሽላ የገባበት ሊጥ ላይ አብሲት ይብዛ የሚሉ አሉ። ስንት ነው የሚበዛው? ሲበዛስ በምን ይታወቃል?

#18 አክንባሎ
ለ4 ኪሎ 4 ብርጭቆ ሊጥ ብዬ ነበር፤ 40 እጅ ማሽላ ከሆነ 6 ብርጭቆ ሊጥ በ3 ሊትር ውሃ አድርጉት፤ መጀመሪያ ስታቦኩት ግን ውሃውን በ1 ሊትር ቀንሱ። አለዚያ ሊጡ ይቀጥናል።

የሚታወቀው በመጀመሪያው እንጀራ ነው፤ እሱን ለሙከራ ትንሽ አርጋችሁ አስፉት። ዐይኑ ወጥቶ ጠርዙ ከምጣዱ በራሱ ከተነሣ ልክ ነው። ዐይኑ ወጥቶ ጠርዙ ከተሰነጠቀ አብሲቱ አንሷል፤ ካለው ሊጥ 2 ብርጭቆ ወስዳችሁ በፈላ ውሃ አማስሉና አብርዳችሁ መልሱ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ዐይኑ ተደፍኖ ሲነኩት ጣት ላይ ከተጣበቀ ደግሞ በዝቷል፤ ለዚህኛው አንድ ሁለት እፍኝ ደረቅ የጤፍ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና ኩፍ እስኪል እንደገና ተዉት። ምጣዱን ከመውቀስ በፊት ደግሞ የጎመን ዘሩን እዩ፤ በደንብ ያልታሰሰ ምጣድ ላይ የትኛውም ሊጥ ይጣበቃል።